አዘዞ፦ ባቡር ሳይደርስበት የመስመር መገናኛ የሆነ ሰፈር

(ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ምሽት በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የተጻፈ።)

እንደምን አመሻችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ርዕሱ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። ጎንደርንና ባቡርን ምን አገናኛቸው ብትሉ አልፈርድባችሁም። ከዚህ አዳራሽ ወጥተን በፈለግነው አቅጣጫ ብንጓዝ ሐዲድ ለማየት ብዙ ቀን ይፈጅብናል። ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በተጀመረው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ የአገሪቱ የባቡር መረብ በስምንት መስመር ተከፍሎ ተዘርዝሮ ነበር፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 4,744 ኪሎ ሜትር። ከስምንቱ በጣም አጭሩ 244 ኪሎ ሜትር ነው። «ወረታ፣ አዘዞ፣ መተማ» ይላል። ጎንደር የሚል የለበትም። ያን ሁሉ ቤተ መንግሥት ይዘን ስማችን ከወረቀቱ ሲቀር አዘዞ ገብታለች። የአዘዞ ልጆች እዚህ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፣ ዛሬ የማወራችሁም ስለዚሁ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት፣ ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ውሎቹም የባቡር ኩባንያዎቹም መዝገብ የተጻፈው በዚያ ስለሆነ እየገለበጥኩ እንዳላደክማችሁ ነው።

አዘዞን ሁላችንም እናውቃታለን። ከፒያሳ ታክሲ ይዘን ቁልቁል 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው፣ ካምፑም እዚያ ነው። ብዙ ሰው አዘዞን የሚያውቃት በመስኮት ሲያልፍባት ነው። እስቲ ግን ቆም ብላችሁ መንገዶቹን ቁጠሩ። ከባሕር ዳር በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በማክሰኚት አድርጎ የሚመጣው ይገባባታል። ከመተማ በገንዳ ውኃና በጭልጋ የሚወጣው ይገባባታል። ከጎርጎራ በቆላ ድባ በኩል ከጣና ዳር የሚመጣውም እንዲሁ። አራተኛው ወደኛ ወጥቶ በዳባትና በደባርቅ፣ በሊማሊሞ ወርዶ ወደ ሽሬና አክሱም የሚያልፈው ነው። ከአራት ማዕዘን የመጣ ጭነት አንድ ቦታ ላይ ይተያያል። ጎንደር ከተማው ኮረብታ ላይ ነው፤ መገናኛው ከታች ሜዳው ላይ ነው።

ሜዳውን ከጎንደር በፊት ያዩት አሉ። አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት አዘዞ ላይ ነው፤ በ1632 ሲያርፉም እዚያው ተቀበሩ። ልጃቸው አፄ ፋሲል ጥቂት ዓመት ቆይተው ወደዚህ ኮረብታ ወጡ፣ ከተማውም ተቆረቆረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ቤተ መንግሥቱን ሁሌ እናወራለን። መንገዱን ግን አናወራም። ቤተ መንግሥቱን ያቆመው ደግሞ አንድም ግብር ነው፣ ግብሩም የሚሰበሰበው መንገድ ላይ ነው።

ሁለት እንግዶችን ላንሳ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 ታላቁን ኢያሱን ሊያክም ሲመጣ የገባው ከምዕራብ፣ ከሱዳኑ ሰናር በኩል ነው፤ የወጣው በምፅዋ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ የገባው በምፅዋ ነው፤ በ1771 መጨረሻ ሲነሣ ደግሞ በመተማ አካባቢ በኩል አድርጎ በሰናር ወጣ። አንዱ በገባበት ሌላው ወጥቷል። የቀይ ባሕርና የናይል መንገድ የሚገናኙት ጎንደር ላይ ስለነበር ከሁለቱ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻል ነበር። ሦስተኛው መንገድ ወደ ደቡብ ነው። ጣናን በምሥራቅ ይዞ፣ ፎገራንና ደራን አልፎ፣ ጢስ ዓባይ አጠገብ በሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የአላታ ድልድይ ተሻግሮ ጎጃም ይገባል፤ ከዚያ በሶ ወደሚባለው ገበያ፣ ከበሶ ዓባይን እንደገና ተሻግሮ እናርያና ከፋ። የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ማርና ሰም በዚህ ይመጣል። ባሪያም ይመጣል፤ ይህን ሳልጠራ ባልፍ ስለ ጎንደር ንግድ እውነቱን አልነገርኳችሁም ማለት ነው። ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ከምፅዋ ጨርቅና ብርሌ፣ ከመተማ ቆላ ጥጥ። ጥጡ እዚሁ ተፈትሎ እዚሁ ይሸመናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ከምን እንደሚበላ የገባኝ የመተማን መንገድ ሳጠና ነው።

መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ነው። አዘዞ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ግመል ከሱዳኑ ገዳሪፍ ሜዳ ተነስቶ መተማ ይደርሳል፤ ዳገቱን ግን አይችለውም፣ ብርዱንም አይወድም። በቅሎና አህያ ደግሞ ከደጋ ወርደው ቆላ ውስጥ ከቆዩ በሽታው ይፈጃቸዋል። ስለዚህ መንገዱ ላይ ጭነት ከግመል ወርዶ አህያ ላይ የሚጫንበት ቦታ የግድ ያስፈልጋል። አንዱ መተማ ራሱ ነው፤ ሌላው ወደ ጭልጋ መውጫ ላይ የነበረው የወህኒ ገበያ ነው። ዕቃው ሲወርድ ይታያል፣ ሲታይ ይቆጠራል፣ ሲቆጠር ቀረጥ ይጠየቃል። ነጋድራሱ፣ ማለትም የንግድና የቀረጥ ሹሙ፣ የሚያዘውም ሆነ የኬላ ጠባቂው የሚኖረው ጭነት የሚወርድበት ስፍራ ስላለ ነው። ጭነት ካልወረደ ነጋዴው ያልፋል፤ ያለፈ ነጋዴ ደግሞ ለማንም ምንም አይተውም።

ሲራራ ነጋዴ አንድ ቦታ ሲያድር ጫኙ ይበላል፣ ከብቱ ይበላል፣ ጠጅ ቤት ይከፈታል፣ ጠገራ ብር መንዛሪ ይቀመጣል፣ ኮርቻ ጠጋኝ ይመጣል። ጭነቱን የሚረከብ ደላላ ይኖራል፣ ደላላው ዘመድ ይጠራል፣ መንደር ይሆናል። አዲስ ዓለም ያለው የእስላም ነጋዴዎች ሰፈር የጎንደር ንግድ ልብ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የምፅዋውም፣ የመተማውም፣ የጎጃሙም ነጋዴ እርስ በርሱ የሚተዋወቀው እዚያ ነበር። ቤተ መንግሥቱን ለማየት የመጣ ቱሪስት ለአዲስ ዓለም ጊዜ የማይሰጠው ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ ባቡር ልጀምር። በዚህ በአፍሪካ ቀንድ ምድር ላይ የመጀመሪያው ሐዲድ የተነጠፈው በአንድ የቋራ ሰው ምክንያት ነው። አፄ ቴዎድሮስ የታሰሩትን አውሮፓውያን አልለቅም ሲሉ እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ከህንድ ላኩ። ጦሩ ከምፅዋ በስተደቡብ ዙላ ላይ ወረደ፤ ከወደቡ ወደ ተራራው ሥር ስንቅ ለማመላለስ ከህንድ ሐዲድና ሠረገላ አምጥተው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነጠፉ። መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ1868 ሲመለሱ ሐዲዱንም ነቅለው ይዘው ሄዱ። ጥቂት ወራት ብቻ የኖረ ባቡር ነው፤ አንድ ኩንታል እህል እንኳ ለንግድ አልጫነም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስቱ ግን አልተነቀሉም። ከሦስት በኩል ነው የመጡት፤ አቅጣጫቸውን ልብ በሉልኝ፣ ፖንሴና ብሩስ ከሄዱባቸው መንገዶች ብዙ አይርቁም።

የሰሜኑ የጣልያን ነው። ጣልያን ምፅዋን በ1885 ያዘ፤ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ በጥር 1879 ዓ.ም. ከመቱት በኋላ በዚያው ዓመት ከምፅዋ ወደ ሰዓጢ ሐዲድ መንጠፍ ተጀመረ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወታደሩ በእግሩ እየሄደ እንዳያልቅ። አስመራ የደረሰው በ1911 ነው። ከባሕር ተነስቶ 2,300 ሜትር በላይ ለመውጣት 118 ኪሎ ሜትር ተጠማዞ፣ ዋሻ እየበሳ። ከረን በ1922፣ አቆርዳት በ1928፣ ቢሻ በ1932። ፊቱን ወደ ምዕራብ ቆላ አዙሮ እዚያው ቆመ።

የምዕራቡ የእንግሊዝ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች፣ የሱዳን ማህዲስቶች፣ ጎንደርን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ከስምንት ዓመት በኋላ የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ኪችነር በኑቢያ በረሃ ላይ ከዋዲ ሃልፋ ወደ አቡ ሐመድ ሐዲድ ነጠፈ፤ የድርቡሾቹን መሪ የኸሊፋውን መንግሥት በ1898 የጣለው መድፉ ብቻ አልነበረም፣ መድፉን ያደረሰው ባቡር ጭምር ነው። ያው ባቡር ቆይቶ ቅርንጫፍ አወጣ። በ1924 ከሰላ ደረሰ፤ በ1929 በገዳሪፍ አድርጎ ከሰናር ጋር ተገናኘ። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ለጎንደር ሰው በጣም ቅርቡ የባቡር ጣቢያ ገዳሪፍ ነበር። ዛሬም የሱዳን ጦርነት እንዳለ ሆኖ ካርታው ላይ ቅርቡ እሱ ነው።

የምሥራቁ የጅቡቲው ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ ይላል። ሥራው በ1897 ተጀመረ፣ ድሬዳዋ በ1902 መጨረሻ ደረሰ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተረከበ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር በሃያ ዓመት። ወደ ከፋው የሚሄደው ክፍል በወረቀት ቀረ።

የጎንደር ጉዳት የት ላይ ነው ብትሉኝ፣ እዚህ ላይ ነው። ከከፋ፣ ከጅማና ከእናርያ የሚመጣው ቡና በበሶና በጎጃም አድርጎ፣ ጎንደር አድሮ፣ ምፅዋ ለመድረስ ወራት ይፈጅበት ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ያ ቡና ፊቱን አዞረ። የወለጋና የኢሉባቦሩ ደግሞ በ1902ቱ የእንግሊዝ ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ በተከፈተው ጣቢያ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ወረደ። ጎንደር በሦስት ባቡር መካከል ቁጭ ብላ ሦስቱም ጭነቷን ከሩቅ ሳቡት።

ሁሉን በባቡር ላሳብብ አልፈልግም። ከተማው ከዘመነ መሳፍንት ጀምሮ እየደከመ ነበር፤ ቴዎድሮስ ራሳቸው አብያተ ክርስቲያናቱን ዘርፈዋል፣ ድርቡሽ አቃጥሏል፣ ክፉ ቀን ከብቱን ጨርሷል፣ ዙፋኑም ወደ ሸዋ ሄዷል። ነገር ግን የተቃጠለ ከተማ መንገዱ ካለ ያገግማል። ጎንደር ከዚያ በፊትም ተቃጥሎ አገግሟል። የሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያላገገመው የሚመጣው ጭነት ሌላ በር ስላገኘ ነው።

ወደ ወረቀቱ ባቡር ልመለስ፤ ይህን ክፍል እኔ በጣም እወደዋለሁ። በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት በዚያው ውል ሌላ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው በጣና፣ በዓባይና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት እንዳይሠራ የሚለው ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው ይህን ነው። ሁለተኛው ብዙ አይነሣም፤ ሱዳንን ከዩጋንዳ ጋር የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ መሬት ላይ እንዲያልፍ ለእንግሊዝ መብት ይሰጣል። በ1906 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ሦስት ሆነው ተቀምጠው እኛ በሌለንበት ተዋዋሉ። ለፈረንሳይ የጅቡቲው መስመር፤ ለጣልያን ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚያገናኝ መሬት። ካርታ አውጡና ከኤርትራ ተነስታችሁ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ ሶማሊያ መስመር አስምሩ። እጃችሁ የት ላይ ያልፋል? በዚህ በእኛ አገር፣ በጣና ዳርና በጎጃም ነው።

በታኅሣሥ 1925 ነገሩ የበለጠ ተገለጠ። ሙሶሊኒና የእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ ለመሥራትና ከሱዳን እስከ ጣና የመኪና መንገድ ለማውጣት ጣልያን እንድትደግፋት፤ በምላሹ ጣልያን ከኤርትራ እስከ ሶማሊያ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ለሚያልፈው ባቡር የእንግሊዝን ድጋፍ እንድታገኝ። ከሱዳን ወደ ጣና የሚመጣ መንገድ በመተማና በጭልጋ ካልመጣ በየት ይመጣል? ከኤርትራ የሚወርድ ባቡርስ ይህን ሜዳ ትቶ በስሜን ተራሮች ላይ ሊሄድ ነው? ሁለቱ እርሳሶች በካርታ ላይ የሚቋረጡበትን ቦታ የአዘዞ ሕፃን ያሳያችኋል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። አባል በሆንንበት ማኅበር ውስጥ ሁለት አባላት በኛ ንብረት ላይ እንዴት ይደራደራሉ አሉ። ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው ማብራሪያ ሰጡ፣ ሐሳቡም እዚያው ላይ ቆመ። እኔ ያ ባቡር ባለመምጣቱ አላዝንም። በዚያ ውል ቢመጣ ኖሮ ከሐዲዱ ጋር ማን ይመጣ እንደነበር በአሥር ዓመቱ አይተነዋል።

ደግሞስ ቢመጣ፣ ሦስቱ ባቡሮች አዘዞ ላይ ቢገናኙ፣ እርስ በርስ አይግባቡም ነበር። የጅቡቲው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። የኤርትራው 950 ነው። የሱዳኑ 1,067። የሱዳን ፉርጎ በጅቡቲው ሐዲድ ላይ አይሄድም፣ የአስመራው በሁለቱም ላይ አይሄድም። ልዩነቱ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ ግን ያ በቂ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን በዓይናቸው አዩት። እንግሊዞች የሱዳኑን ሐዲድ ከከሰላ አቅጣጫ ተሰነይ ድረስ አስረዘሙት፤ የጣልያኑ ደግሞ ቢሻ ላይ ቆሟል። መሐሉ ባዶ ቀረ። ቢገናኙም ፉርጎው ይራገፍ ነበር እንጂ አያልፍም።

ይህን ስሰማ የመጣብኝ ወህኒ ገበያ ነው። ግመሉና አህያው። መሐንዲሶቹ የግመልና የአህያን ነገር በብረት ደገሙት። ተፈጥሮ በብርድና በዳገት ያደረገችውን እነሱ በሚሊ ሜትር አደረጉት።

በመጨረሻ ጣልያን ጎንደር የገባው በባቡር ሳይሆን በካሚዮን ነው። ስታራቼ የሚባለው የጣልያን አዛዥ ጦር በመቶዎች በሚቆጠሩ መኪናዎች ከኤርትራ ተነስቶ በኦምሐጀር ሰቲትን ተሻግሮ በ1936 ሚያዝያ መግቢያ ላይ ጎንደር ደረሰ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት የነጠፉት አስፋልትና ጠጠር ነው። ሊማሊሞን ጠርበው አወረዱ፤ ያን መንገድ በዝናብ የወረደበት ሹፌር እስከ ዛሬ ስሙን ሲጠራ ያማትባል። ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን የሠሩትም ያኔ ነው። አዘዞ ላይ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ። ወታደር ሜዳ ይወዳል፣ ሜዳውም መንገዶቹ የሚገናኙበት ነው።

በ1941 ሌላው የምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው ሁሉ ሲወድቅ ናዚ የሚባለው የጣልያን ጄኔራል (ስሙ ነው እንጂ የጀርመኑ ፓርቲ አይደለም) ጎንደር ላይ ሰባት ወር ያህል ተከላክሏል። ምሽጎቹን የት የት እንዳደረገ ተመልከቱ። ወልቂፊት፣ በደባርቁ መንገድ ላይ። ቁልቋል በር፣ በባሕር ዳሩ መንገድ ላይ። ጭልጋ፣ በመተማው ላይ። ጎርጎራ፣ በሐይቁ። አራቱን መንገዶች መግቢያ ላይ ዘጋቸው። ያ የጦር ካርታ ፖንሴ ያየው የነጋዴ ካርታ ነው፤ ኬላው ምሽግ ሆነ እንጂ ቦታው ብዙ አልራቀም። ወልቂፊት በመስከረም መጨረሻ እጅ ሰጠ፣ ቁልቋል በር ኅዳር 21 በብዙ ደም ተያዘ፣ ኅዳር 27 የመጨረሻው ጥቃት በአዘዞ አድርጎ ወጣና ጎንደር ነፃ ሆነ። ቀኖቹ የአውሮፓ ናቸው። አርበኞቻችን በየአቅጣጫው ነበሩ፤ የእነሱ ነገር ለብቻው አንድ ምሽት ይፈልጋል።

ከነፃነት በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፣ ስለ ባቡር የሚነገር ብዙ ስለሌለው። ዘመኑ የካሚዮን ነው። ከአስመራ የሚመጣው ትሬንታ ኳትሮ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተሳቢ፣ ሁሉም አዘዞ ላይ ፍሬን ይይዛሉ። የኤርትራው ባቡር በ1970ዎቹ አጋማሽ ቆመ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ የምሽግ ጣሪያ ሆነ። የጅቡቲው አርጅቶ ዝም አለ፣ በምትኩ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ መጣ፣ በ2016 ተመረቀ። የመተማው መንገድ አስፋልት ሲሆን የሱዳን ነዳጅ ወደዚህ፣ የመተማና የቋራ ሰሊጥ ወደዚያና ወደዚህ ይሄድ ጀመር።

ሰሊጡ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመተማ ሰሊጥ መተማ ሆኖ ፖርት ሱዳንን ቢያይ ከፊቱ ያለው ሜዳ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ዳገት እናስወጣዋለን፤ አዘዞ ይደርሳል፣ ባሕር ዳርን አልፎ፣ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅቡቲ። ይህ እንጀራ ይዞ ጎንደርን አልፎ አዲስ አበባ ሄዶ ወጥ እንደ መፈለግ ነው። ምክንያት አለው፤ ወደቡ የማን ነው፣ ሰላሙ እንዴት ነው፣ ብሩ በየት ይመነዘራል የሚሉት ሁሉ ይገቡበታል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል የሚመጣው ጦርነት የሸሸ ሰው እንጂ ነዳጅ አይደለም። ቢሆንም የ2010ሩ ዕቅድ አውጪዎች ወረታ፣ አዘዞ፣ መተማ ብለው ሲጽፉ ያዩት ይህንኑ ነው። ወረታ ላይ ከጎጃም የሚመጣውና በወልድያ ወደ ሰመራና ኤሊዳር የሚሄደው 734 ኪሎ ሜትር መስመር አለ፤ ከሱ ላይ ቅርንጫፍ ወጥቶ ወደ ሱዳን እንዲወርድ ነው።

ዕቅዱ የት ደረሰ? ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚመጣው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሥራ ሩቅ ሄዶ ነበር፤ የሰሜኑ የአገራችን ጦርነት ጎዳው፣ ቆመ። ከሐራ ገበያ ወዲህ ግን፣ ወደ ወረታም ወደ አዘዞም፣ አንድ ሜትር ሐዲድ አልተነጠፈም። ወረታ ግን ደረቅ ወደብ አላት። ሐዲድ ሳይመጣ የሚራገፍበት ቦታ ቀድሞ መጥቷል ማለት ነው። የነጋድራሱ ዘመን ሰው ይህን ቢያይ ወዲያው ይገባው ነበር።

ንግግሬ እዚህ ላይ አልቆ ጥያቄ ተጠይቄ ነበር፤ ሦስቱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ ወጣት ባቡሩ ለምን ጎንደር ከተማ አይገባም አለኝ። ዳገቱ ነው ልጄ። መኪና በመቶ ሜትር ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ሜትር ይወጣል፤ ከባድ ጭነት የያዘ ባቡር በመቶ ሜትር ሁለት ሜትር ከወጣ ብዙ ወጣ። በዚህ ሒሳብ ከመተማ 700 ተነስቶ አዘዞ 2,000 ለመድረስ ያለውን 1,300 ሜትር ከፍታ ብቻ ለመሸፈን ያለ አንድ እረፍት 65 ኪሎ ሜትር ዳገት ያስፈልጋል፤ ደግሞ ማንም መሐንዲስ ያለ እረፍት አይሠራውም፣ ስለዚህ ይጠማዘዛል፣ ይረዝማል። ያን ሁሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ከደረሰ በኋላ ለከተማው ክብር ብሎ እንደገና ኮረብታ አይወጣም። እኛ በታክሲ እንወርዳለን።

አንዲት እናት ደግሞ፣ ጉሊት የሚነግዱ ይመስለኛል፣ ባቡር መጥቶ ሳይቆም የሚያልፍ ከሆነ ለአዘዞ ምን ይጠቅማታል አሉ። እኔ ግማሽ ሰዓት የፈጀብኝን ነገር በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። እማማ፣ ልክ ነዎት፤ ጣቢያው መጋዘንና ማራገፊያ ከሌለው፣ የሰሊጥ ማበጠሪያ ከጎኑ ካልቆመ፣ ከጎርጎራና ከደባርቅ የሚመጣው ካሚዮን ጭነቱን የሚያስረክብበት ግቢ ካልተከለለ ጭሱ ብቻ ነው የሚቀረን። የአዲሱ ደግሞ በኤሌክትሪክ ስለሆነ ጭስም የለውም። እንዲህ ያለው ነገር የሚወሰነው ካርታው ሲሣል ስለሆነ አሁን ነው መጠየቅ ያለበት።

የመጨረሻው ጠያቂ መሐንዲስ ነበር። ከወረታ የሚመጣው ሐዲድ ስፋት 1,435 ይሆናል፣ የገዳሪፉ 1,067 ነው፤ መተማ ላይ ምን ይሆናል አለኝ። ወይ ሱዳን የራሷን ትቀይራለች፣ ወይ እኛ ሦስተኛ ብረት እንጨምራለን፣ ወይ ፉርጎው መተማ ላይ ይራገፋል። ገንዘቡን ሳስብ ሦስተኛው ይሆናል ባይ ነኝ። ከናንተ ውስጥ መጋዘን ልሥራ የሚል ካለ፣ ቦታው ድንበሩ አጠገብ፣ ግመሎቹ ይራገፉበት ከነበረው ሜዳ ብዙም አይርቅም።